ሻጭ በተያዘበት መንገድ ደንበኛን ይይዛል

የሽያጭ ገቢ ሲቀዘቅዝ አብዛኛው የሥራ ኃላፊ በመጀመሪያ የሚያደርገው ግቡን ከፍ ማድረግ፣ ቀጥሎም ቡድኑን ሰብስቦ «በርቱ» ማለት ነው። በዚያው ሳምንት ጥቂት መነቃቃት ይታያል፤ ስልክ ይደወላል፣ ያደሩ ቀጠሮዎች ይነሣሉ፣ ቅናሽ ይፈቀዳል። ወሩ ሲያልቅ ግን ቁጥሩ ከነበረበት ብዙም ፈቅ ሳይል ይቀራል፤ ሠራተኛውም ከበፊቱ ይበልጥ ተዳክሞ ይገኛል። በሻጭነትም ሆነ በቡድን መሪነት ስሠራ ይህን ዑደት ደጋግሜ ተመልክቼዋለሁ። ከዚያ በመነሣት የደረስኩበት እምነት የሽያጭ ዘዴና የሠራተኛ ተነሣሽነት አንድ ጉዳይ ናቸው የሚል ነው። ሻጩ ከአለቃው ዘንድ የሚደርስበት አያያዝ ዞሮ ዞሮ ደንበኛው ዘንድ ይደርሳል። በቁጥር ብቻ የሚጨቀጨቅ ሻጭ እሱም በተራው ደንበኛውን ይጨቀጭቃል፤ የሚደመጥና የሚታገዝ ሻጭ ደግሞ ደንበኛውን ረጋ ብሎ ለማዳመጥ አቅም ያገኛል። ከሁለቱ ገቢን የሚያሳድገው የትኛው እንደሆነ ለማየት ከሂሳቡ መጀመር ይሻላል።

የማንኛውም ንግድ የሽያጭ ገቢ የአራት ቁጥሮች ብዜት ነው፦ ስለ ዕቃው ወይም ስለ አገልግሎቱ የሚጠይቁ ሰዎች ብዛት፣ ከነዚህ ውስጥ የሚገዙት ድርሻ፣ አንድ ደንበኛ በአንድ ግዢ የሚከፍለው አማካይ ገንዘብ፣ እንዲሁም ያው ደንበኛ በዓመት ውስጥ የሚገዛበት ጊዜ ብዛት። ነገሩ ድምር ሳይሆን ብዜት በመሆኑ በእያንዳንዳቸው ላይ የሚደረግ ትንሽ መሻሻል ትልቅ ውጤት ያመጣል። አራቱም በ10 በመቶ ብቻ ቢያድጉ 1.1 አራት ጊዜ ተባዝቶ 1.4641 ይሆናል፤ ይህም ማለት ጠቅላላው ገቢ በ46 በመቶ ገደማ ይጨምራል ማለት ነው። በአንጻሩ አንዱ ቁጥር በጣም ዝቅ ካለ በሌሎቹ ላይ የሚፈስሰው ድካምና ገንዘብ አብሮ ይባክናል። «ሽያጭ ይጨምር» የሚለው ትእዛዝ ለሠራተኛው ምንም የማይነግረውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ከአራቱ የትኛው እንዲጨምር እንደተፈለገ፣ የእሱ እጅ ሊደርስበት የሚችለውም የትኛው እንደሆነ አልተነገረውምና።

ሁለተኛውን ቁጥር ብቻ እንኳ ገለጥ አድርገን ብናየው ብዙ ይነግረናል። በአንድ ወር ውስጥ 200 ሰዎች ስለ አንድ ዕቃ ጠየቁ እንበል። ከነዚህ መካከል ከ80ዎቹ ጋር ቀጠሮ ተያዘ፣ ለ60ዎቹ ፕሮፎርማ ተሰጠ፣ በመጨረሻ የገዙት ግን 9 ብቻ ሆኑ። በሌላ ድርጅት ደግሞ እንዲሁ 200 ሰዎች ጠይቀው ከ18ቱ ጋር ብቻ ቀጠሮ ተያዘ፣ ለ12ቱ ፕሮፎርማ ተሰጠ፣ 9ኙ ገዙ። የሁለቱ ውጤት በወር መጨረሻ ሪፖርት ላይ አንድ ዓይነት ነው፤ ትኩሳታቸው እኩል ቢሆንም በሽታቸው የተለያየ ሁለት ታማሚዎች ናቸው። የመጀመሪያው ቡድን ደንበኛው ምን እንደሚፈልግ በቅጡ ሳይረዳ ለጠየቀው ሁሉ ዋጋ ጽፎ ይሰጣል፤ በዚህም ምክንያት ፕሮፎርማ ከወሰዱት ውስጥ 85 በመቶው ይጠፉበታል። ሁለተኛው ቡድን ካገኘው ሰው ጋር በሚገባ ይነጋገራል፣ ነገር ግን ለሚጠይቁት ሰዎች በጊዜው መልስ አይሰጥም፤ ስለዚህ አብዛኛው ሰው ቀጠሮ ሳይዝ ወደ ሌላ ሻጭ ይሄዳል። ለመጀመሪያው ቡድን «ብዙ ሰው አምጡ» ብሎ ማስታወቂያ መጨመር የሚባክኑትን ፕሮፎርማዎች ማብዛት ነው። ለሁለተኛው ቡድን ደግሞ የድርድር ሥልጠና መስጠት ያልታመመውን አካል ማከም ይሆናል።

ይህን ለማወቅ ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም። በአንድ መዝገብ ላይ ወይም በኤክሴል ሠንጠረዥ ውስጥ የጠየቀው ሰው፣ የተደወለበት ቀን፣ ቀጠሮው፣ የተሰጠው ዋጋና ውጤቱ ከሰፈሩ ይበቃል። አንዱን ዓምድ ግን በጥንቃቄ መያዝ ያስፈልጋል፤ እርሱም ሽያጩ የቀረበት ምክንያት የሚጻፍበት ነው። ሻጩ «ለምን አልገዙም?» ተብሎ ሲጠየቅ በአብዛኛው «ዋጋ ተወደደባቸው» ብሎ ይመልሳል። ይህ መልስ ለሻጩም ለአለቃውም ምቹ ነው፤ ሻጩን ከተጨማሪ ጥያቄ ያድነዋል፣ አለቃውንም ቅናሽ ከመፍቀድ በቀር ሌላ ሥራ አይጠይቀውም። ደንበኞቹን ራሳቸውን ደውሎ የጠየቀ ሰው ግን ሌላ ዓይነት ምክንያቶችን ይሰማል፦ የተጠየቀው መረጃ ዘግይቶ ደረሰ፣ ሻጩ ካነጋገረን በኋላ ጠፋ፣ ዕቃው ለእኛ ሥራ ይሁን አይሁን የሚያስረዳን አላገኘንም።

ወደ ንግግሩ እንግባ፤ ሽያጭ የሚሠራውም የሚበላሸውም እዚያ ነውና። አንዲት የሽያጭ ሠራተኛ ለአንድ መሥሪያ ቤት የማተሚያ ማሽን ለመሸጥ ቀርባለች። የመሥሪያ ቤቱ የፋይናንስ ኃላፊ «ማሽኑ በደቂቃ ስንት ገጽ ያትማል?» ሲሉ ይጠይቃሉ። ሥልጠና ያላገኘ ሻጭ ይህን ጥያቄ ሲሰማ ብሮሹሩን ዘርግቶ የማሽኑን ባሕርያት ከአንድ እስከ አሥራ አምስት ይዘረዝር ነበር። እሷ ግን «40 ገጽ ያትማል። አሁን ያለው ማሽን ፍጥነቱ አስቸግሯችኋል?» ብላ ትጠይቃለች።

«ፍጥነቱ እንኳ ደህና ነው፤ ያስቸገረን ወረቀት እየያዘ ነው።»

«ወረቀት ሲይዝባችሁ ሥራው እንዴት ይሆናል?»

«የወር መጨረሻ ላይ ነው የሚብሰው። የደመወዝ ሰነዱም የደንበኞች ደረሰኝም በአንድ ጊዜ ነው የሚወጣው። ባለፈው ወር ሁለት ሠራተኞቼ እስከ ማታ አምሽተዋል።»

«ለሚያመሹበት ትርፍ ሰዓት ይከፈላቸዋል?»

ኃላፊው ትንሽ ዝም ይሉና «አዎ፣ ይከፈላቸዋል» ይላሉ፤ ወዲያውም የማስያ መሣሪያቸውን ወደ ራሳቸው ይስባሉ።

ከዚህ በኋላ ስለ ማሽኑ ዋጋ የሚደረገው ንግግር ሌላ መልክ ይይዛል። ዋጋው የሚወዳደረው ከተወዳዳሪ ሻጭ ዋጋ ጋር ብቻ መሆኑ ይቀርና በየወሩ ከሚከፈለው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጋር ይነጻጸራል፤ ንጽጽሩን የሠሩትም ገዢው ራሳቸው ናቸው። ሠራተኛዋ ስለ ፍጥነት አንድም ቃል ሳትጨምር የወረቀት ማስገቢያው እንዴት እንደሚሠራ፣ ወረቀት ቢይዝ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ ጥገና እንደሚላክ ብቻ ትናገራለች። የተቀሩት ባሕርያት ለሌላ ደንበኛ ይጠቅሙ ይሆናል፤ ለእኚህ ሰው ግን ጆሮ ከማሰልቸት በቀር ፋይዳ የላቸውም።

ይህ አካሄድ የግል ችሎታ ብቻ ውጤት ተደርጎ እንዳይወሰድ አንድ ጥናት ላንሳ። የብሪታንያው ተመራማሪ ኒል ራክሃም ከባልደረቦቹ ጋር ለ12 ዓመታት ያህል ከ35,000 በላይ የሽያጭ ንግግሮችን አጥንቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1988 ይፋ አድርጓል። በዚያ ጥናት መሠረት በትልልቅ ሽያጮች ላይ የተሳካላቸው ሻጮች የሚለዩት በሚያቀርቡት ገለጻ ብዛት ወይም ደንበኛውን «አሁኑኑ ይወስኑ» ብለው በሚያጣድፉበት ስልት አልነበረም። ዋጋቸው ዝቅተኛ በሆኑ ዕቃዎች ላይ ጥድፊያው ሊሠራ ቢችልም ሽያጩ ከፍ እያለ ሲሄድ ገዢውን ያሸሻል። የተሳካላቸው ሻጮች የሚለዩት ስለ ደንበኛው ችግር፣ ችግሩ ስለሚያስከትለው መዘዝና ችግሩ ቢወገድ ስለሚገኘው ጥቅም በመጠየቅ ነበር። ስለ ደንበኛው አጠቃላይ ሁኔታ የሚቀርቡ ጥያቄዎች፣ ለምሳሌ «ስንት ሠራተኛ አላችሁ?» የሚሉት፣ ሲበዙ ግን የሚጠቅሙት ሻጩን ብቻ ስለሆነ ገዢውን ያደክማሉ። እንዲህ ያለው መረጃ ከስብሰባው በፊት ተጠንቶ መምጣት አለበት።

እንግዲህ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ለመጠየቅ መረጋጋት ያስፈልጋል። ጠዋት በስብሰባ ላይ «እስከ ዓርብ ካልሸጥክ እንነጋገራለን» የተባለ ሰው ከሰዓት በኋላ ደንበኛው ፊት ተቀምጦ «ወረቀት ሲይዝባችሁ ሥራው እንዴት ይሆናል?» ብሎ መልሱን በትዕግሥት የሚሰማበት ልብ አይኖረውም። ከሥልጠና ክፍል የተማረውን ዘዴ ሁሉ ፍርሃቱ ያስረሳዋል፤ የሚቀረው አንድ መሣሪያም ቅናሽ ይሆናል።

ስለ ቅናሽ ሰፋ አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ በብዙ ድርጅቶች ውስጥ ትርፍ ሳይታወቅ የሚያልቀው በዚህ በኩል ነውና። ዋጋው 100 የሆነ፣ ለሻጩ ድርጅት ግን 70 የሚያወጣ ዕቃ እንውሰድ። ጥቅል ትርፉ 30 ነው። ሻጩ 10 በመቶ ቢቀንስ ዋጋው 90፣ ትርፉ ደግሞ 20 ይሆናል። ቀድሞ 100 ዕቃ ሸጦ 3,000 ያተርፍ የነበረ ድርጅት አሁን ያንኑ 3,000 ለማግኘት 150 ዕቃ መሸጥ አለበት። በሌላ አነጋገር 10 በመቶ ቅናሽ 50 በመቶ ተጨማሪ ሽያጭ ይጠይቃል፤ ለተጨማሪው 50 ዕቃ የሚወጣውን የመጓጓዣ፣ የመጋዘንና የጉልበት ወጪ እንኳ ገና አልቆጠርንም። በተገላቢጦሽ ዋጋውን በ10 በመቶ ከፍ አድርጎ ማስረዳት የቻለ ቡድን ከደንበኞቹ ሩቡን ቢያጣ እንኳ ትርፉ አይቀንስም፤ 75 ዕቃ በ40 ትርፍ ሲባዛ 3,000 ነውና።

ታዲያ ሻጮች ይህን እያወቁ ለምን በቀላሉ ይቀንሳሉ? መልሱ ያለው በደመወዝ መክፈያ ሰነዱ ላይ ነው። ኮሚሽኑ ከሽያጭ ዋጋው 5 በመቶ ከሆነ ሻጩ ዕቃውን በ100 ሲሸጥ 5 ያገኛል፣ በ90 ሲሸጥ ደግሞ 4.5 ያገኛል። ከእሱ ኪስ የወጣው 0.5 ብቻ ነው፤ ከድርጅቱ ኪስ የወጣው ግን 10 ነው። ለሻጩ ከደንበኛው ጋር አንድ ሰዓት ከመከራከር ቀንሶ ወደሚቀጥለው መሄድ ፍጹም ምክንያታዊ ውሳኔ ነው። ይህን ሰው በሰነፍነት መውቀስ ትክክል አይደለም፤ የከፈልንበትን ሥራ ነው የሠራልን። ኮሚሽኑ ከሽያጭ ዋጋው መሆኑ ቀርቶ ከጥቅል ትርፉ ቢታሰብ ግን ያው 10 በመቶ ቅናሽ የሻጩንም ድርሻ በአንድ ሦስተኛ ይቀንሰዋል፤ ያን ጊዜ ስለ ዋጋ ምንም ስብከት ሳያስፈልገው ራሱ ይጠነቀቃል።

ደንበኛው «ተወዷል» ሲልም ሻጩ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ከምን ጋር ሲነጻጸር?» ብሎ ነው። አንዳንዱ ሌላ ሻጭ የሰጠውን ዋጋ ይዞ ነው፤ አንዳንዱ ከያዘው በጀት ጋር አስተያይቶ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ እንዲህ ማለት ልማዱ ስለሆነ ነው። ሦስቱ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጣቸውም። ለሁለተኛው ሰው ክፍያውን በሁለት ዙር ማድረግ ከማንኛውም ቅናሽ ይበልጥበታል። የግድ መቀነስ ካስፈለገም በምትኩ አንድ ነገር መጠየቅ ተገቢ ነው፦ ብዛት ይጨመር፣ ክፍያው በቅድሚያ ይፈጸም፣ ወይም የማስረከቢያው ጊዜ ይራዘም። ያለ ምንም ምትክ የተሰጠ ቅናሽ ደንበኛውን የሚያስተምረው የመጀመሪያው ዋጋ እውነተኛ እንዳልነበረ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያ የሚበልጥ ይጠይቃል፣ ቢጠይቅም አይፈረድበትም።

ቀድሞ ስለገዙ ደንበኞች ብዙ ማለት አያስፈልግም። እምነታቸው ተገኝቷል፣ አድራሻቸው ይታወቃል፣ ችግራቸውም ተመዝግቧል። ሆኖም ብዙ የኮሚሽን ደንቦች አዲስ ደንበኛ ላመጣ ብቻ ስለሚከፍሉ የነበረውን ደንበኛ የሚጠይቀው ሰው አይኖርም። ይህን ለማስተካከል ኮሚሽኑ ተመልሶ ለሚገዛ ደንበኛ በሚደረግ ሽያጭም ላይ እንዲከፈል ማድረግና ሻጩ ከሸጠ በኋላ መልሶ የሚደውልበትን ቀን በመዝገቡ ላይ አስቀድሞ እንዲጽፍ ማስለመድ ይበቃል።

አሁን ወደ ቡድኑ ልምጣ። ስለ ተነሣሽነት ሲነሣ የብዙዎች ሐሳብ በቀጥታ ወደ ገንዘብ ይሄዳል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ ባልደረቦቹን ይዞ 200 ያህል መሐንዲሶችንና የሂሳብ ባለሙያዎችን ስለ ሥራቸው ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጣው ጥናት ሰውን በሥራው የሚያስከፉት ነገሮችና የሚያስደስቱት ነገሮች የተለያዩ መሆናቸውን አመልክቷል። ደመወዝ፣ የአለቃ አያያዝና የድርጅት ደንብ ሲበላሹ ሠራተኛውን ያስከፉታል፤ መስተካከላቸው ግን ብቻውን አያነሣሣውም። የሚያነሣሣው አንድን ነገር ማሳካቱ፣ ለሠራው ዕውቅና ማግኘቱ፣ ኃላፊነት መሰጠቱና ማደጉ ነው። በሽያጭ ሥራ ላይ ገንዘብ ከዚህ ትንሽ የከበደ ሚዛን እንዳለው አምናለሁ፤ ኮሚሽን ለሻጩ ክፍያ ብቻ ሳይሆን የሥራው ማስረጃም ጭምር ነው። ስለዚህም ነው የኮሚሽን ደንብ በዓመት አጋማሽ ላይ ሲቀየር የሚደርሰው ጉዳት ከገንዘቡ መጠን እጅግ የሚበልጠው። በአንድ የማውቀው ድርጅት አንድ ሻጭ በግማሽ ዓመት ውስጥ ከሥራ አስኪያጁ ደመወዝ የሚበልጥ ኮሚሽን በማግኘቱ ደንቡ ተሻሽሎ ጣሪያ ተበጀለት። ከዚያ በኋላ ሻጮቹ ሁሉ ጣሪያው ላይ የሚያደርሳቸውን ያህል ብቻ መሸጥ ጀመሩ፤ በወሩ አጋማሽ የደረሰ ደንበኛ ካለም ግዢውን ወደሚቀጥለው ወር ያሻግሩታል። ድርጅቱ የአንድን ሰው ገቢ በመገደቡ የራሱን ገቢ ገደበ።

ኮታና ኮሚሽን በተሳሳተ ነገር ላይ ሲተከሉ የሚያደርሱት ጥፋት ከዚህም ይከፋል። እ.ኤ.አ. በ1992 የካሊፎርኒያ ግዛት ባለሥልጣናት የአሜሪካው የችርቻሮ ኩባንያ የሲርስ የመኪና ጥገና ማዕከሎች ለደንበኞች አላስፈላጊ ጥገና ይሸጣሉ ብለው ከሰሱ። ኩባንያው ለጥገና ክፍል ሠራተኞቹ የሽያጭ ኮታና ኮሚሽን አስቀምጦ ነበር፤ በኋላም የኮሚሽን አሠራሩን ለማስቀረት ተገዷል። ይበልጥ የሚታወቀው የአሜሪካው የዌልስ ፋርጎ ባንክ ጉዳይ ነው። ባንኩ ሠራተኞቹ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ብዙ ዓይነት ሂሳብ እንዲሸጡ ግብ አውጥቶ፣ ግቡን የማይደርሱትን አጥብቆ ይገፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 የቁጥጥር ባለሥልጣናት 185 ሚሊዮን ዶላር ሲቀጡት ደንበኞች ሳያውቁ የተከፈቱ ሊሆኑ የሚችሉ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ሂሳቦች መኖራቸው፣ ከዚሁ ጋር በተያያዘም 5,300 ያህል ሠራተኞች በጥቂት ዓመታት ውስጥ መባረራቸው ተገለጠ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ባንኩ ጉዳዩን ለመዝጋት 3 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። አምስት ሺህ ሰው በአጋጣሚ አታላይ ሆኖ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አይሰበሰብም። የሚበዙት ደመወዛቸውን እንዳያጡ የፈሩ ተራ ሠራተኞች ነበሩ ብዬ አምናለሁ፤ ከላይ የወረደባቸውን ጫና ወደ ደንበኛው አሸጋገሩት።

ይህ ሲባል ግብ አይኑር ማለት አይደለም። ኤድዊን ሎክ እና ጋሪ ሌተም የተባሉት ተመራማሪዎች ለአሥርተ ዓመታት ያደረጓቸው ጥናቶች እንዳሳዩት የተለየና ከበድ ያለ ግብ የተሰጠው ሰው «የቻልከውን አድርግ» ከተባለው የተሻለ ይሠራል። ይህ የሚሆነው ግን ሰውየው ግቡን ሲቀበለው፣ ግቡን ለመድረስ የሚያስፈልገው ችሎታ ሲኖረውና የት እንደደረሰ እየታየ ሲነገረው ነው። እኔ ግቡን በሁለት ከፍሎ ማስቀመጥን እመርጣለሁ። የወሩ ግብ የሽያጭ ውጤት ይሁን፤ የሳምንቱ ግብ ግን ሻጩ በራሱ እጅ የሚፈጽመው ተግባር ይሁን። ደንበኛው ይገዛ እንደሆነ ሻጩ ማዘዝ አይችልም። ለጠየቀው ሰው ሁሉ በዚያው ቀን መልሶ መደወል፣ ፕሮፎርማ ከመስጠቱ በፊት የደንበኛውን ችግር በአንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍ፣ ፕሮፎርማ ከላከ ከሁለት ቀን በኋላ መጠየቅ ግን ይችላል። የትኛው ተግባር እንደሚመረጥ የሚወስነው ቀደም ብዬ ያነሣሁት መዝገብ ነው፤ ከ60 ፕሮፎርማ 51ዱ የሚጠፉበት ቡድን ቀጠሮ ላይ ለሚወድቀው ቡድን የተሰጠውን የሳምንት ግብ መውሰድ የለበትም።

የሳምንቱ መጀመሪያ ስብሰባም በዚሁ መሠረት መለወጥ አለበት። የተለመደውን መልክ ሁላችንም እናውቀዋለን፦ አለቃው ወረቀቱን ይዞ የእያንዳንዱን ሰው ቁጥር በሁሉ ፊት ያነባል፣ ከላይ ላለው ይጨበጨባል፣ ከታች ያለው አንገቱን ይደፋል። የተደፋው አንገት በሚቀጥለው ሳምንት የተሻለ ሲሸጥ አላየሁም፤ ይልቁንም ሪፖርቱን ማሳመር፣ ያልበሰለውን ሽያጭ «ሊያልቅ ነው» ብሎ ማስመዝገብ ይጀምራል፣ አለቃውም ከዚያ በኋላ እውነተኛ መረጃ አያገኝም። ቁጥሩ ለየግል ሊነገር ይችላል። በስብሰባው ላይ ግን እያንዳንዱ ሰው የቆመበትን አንድ ሽያጭ ያምጣ፦ ደንበኛው ምን አለ፣ እሱ ምን መለሰ፣ የት ላይ ቆመ። ባልደረቦቹ «እኔ ብሆን እንዲህ እጠይቀው ነበር» ይበሉት። በዚህ መንገድ የአንዱ ልምድ የሌላው ይሆናል፤ ችግሩን ይዞ የቀረበውም ሰው እንደ ተከሳሽ ሳይታይ እርዳታ ይዞ ይወጣል።

ከስብሰባው ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የቡድን መሪው ከሻጩ ጋር አብሮ ደንበኛ ዘንድ መሄዱ ነው። አብሮ ሲሄድ ዝም ማለት አለበት። ሽያጩ ሲንገዳገድ እጁን ሰድዶ የሚያድን መሪ ያንን ሽያጭ ያተርፍ ይሆናል፤ ሻጩን ግን በደንበኛው ፊት ያሳንሰዋል፣ የሚማርበትንም ዕድል ይነጥቀዋል። ከወጡ በኋላ መሪው መጀመሪያ «እንዴት አየኸው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ቀጥሎም አንድ ነገር ብቻ አንሥቶ ይናገር። አምስት ስሕተት የተነገረው ሰው አንዱንም አያርምም። ለምሳሌ እንዲህ ይበለው፦ «ትርፍ ሰዓት ይከፈላቸዋል?» ብለህ ከጠየቅህ በኋላ መልሱን ሳትጠብቅ ሌላ ጥያቄ ጨመርክ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ጠብቀው፤ ይህ ይበቃል። በሚቀጥለው ጉብኝት ሻጩ ያንን ዝምታ ሲጠብቅ መሪው አይቶ ሊነግረው ይገባል። ተሬዛ አማቢሌ እና ስቲቨን ክሬመር የተባሉ ተመራማሪዎች የ238 ሠራተኞችን ወደ 12,000 የሚጠጉ የቀን ማስታወሻዎች አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ሥራ ሰዎችን በሥራ ቀናቸው ከሁሉ ይበልጥ የሚያነሣሣቸው ትርጉም በሚሰጣቸው ሥራ ላይ ትንሽም ብትሆን ወደ ፊት መራመዳቸው መሆኑን አሳይተዋል። ሽያጭ ግን እምቢታ የሚበዛበት ሥራ ነው። ከአሥር ሰዎች ስምንቱ እምቢ በሚሉበት ሥራ ላይ እርምጃውን አይቶ የሚነግረው ሰው ከሌለ ሻጩ ራሱ አያየውም።

የቡድኑን መካከለኛ ክፍል በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። የመሪው ጊዜ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሰዎች ዙሪያ ያልቃል፦ በጣም በሚሸጠውና ምንም በማይሸጠው። በመካከል ያሉት ስድስት ወይም ሰባት ሰዎች አያስቸግሩም፣ አይደነቁም፣ አይጎበኙምም። ነገር ግን ዋና ሻጩ ቀድሞውኑ ወደ ችሎታው ጫፍ የተጠጋ ነው፤ ምንም የማይሸጠው ደግሞ ምናልባት ሥራው የእሱ አይደለም። ገቢው የሚያድገው መካከለኞቹ ትንሽ ሲሻሻሉ ነው፤ ብዙ ናቸው፣ ሊማሩም ዝግጁ ናቸው። ስለዚህ አብሮ የመሄጃው ጊዜ የሚበዛው ለእነሱ መሆን አለበት።

ዋና ሻጩን የቡድን መሪ አድርጎ መሾምም በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ነገር ነው። አለን ቤንሰን፣ ዳንየል ሊ እና ኬሊ ሹ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት በብዙ የአሜሪካ ድርጅቶች ውስጥ የሚሠሩ የሽያጭ ሠራተኞችን ተከታትለው፣ ከፍተኛ ሽያጭ ያላቸው ሰዎች ለሹመት ቅድሚያ እንደሚያገኙ፣ ከተሾሙ በኋላ ግን የሚመሩት ቡድን ውጤት ዝቅ እንደሚል አግኝተዋል። ምክንያቱ ለእኔ ግልጽ ነው፤ መሸጥ በራስ ጥረት ለማሸነፍ የሚደረግ ትግል ነው፣ መምራት ደግሞ ሌላው ሲሸጥ ዝም ብሎ መጠበቅን ይጠይቃል። ለሹመት ሲታሰብ ከሽያጭ ቁጥሩ ጎን አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ማን ዘንድ ሄዶ እንደሚጠይቅ ማየት ያስፈልጋል። ጥሩ የሚሸጠው ሰው ግን እንዳይከፋ ኃላፊነቱ የሚያድግበት ሌላ መንገድ ይበጅለት፦ ትልልቅ ደንበኞችን ይያዝ፣ ማዕረጉና ክፍያው ሹመት ሳይጠብቅ ይደግ።

ይህን የሚያነብብ የቡድን መሪ ከየት ልጀምር ቢለኝ፣ ስለ ግብም ስለ ቦነስም ከመናገሩ በፊት ፕሮፎርማ ወስደው ያልገዙ የመጨረሻዎቹን አሥር ደንበኞች ስም ከመዝገቡ አውጥቶ ራሱ ይደውልላቸው እለዋለሁ። የሚደውለው ለመሸጥ እንዳልሆነ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይናገር፤ ከዚያም ምን ችግር ለመፍታት ፈልገው እንደነበር፣ ሻጩ ያንን ችግር ተረድቶላቸው እንደነበርና በመጨረሻ ምን እንደወሰኑ ይጠይቃቸው። ቃላቸውን ሳያሳጥር ይጻፈው። የሻጮቹን ስም ሳይጠቅስ ወረቀቱን ለቡድኑ ያንብብ፣ ደጋግሞ የመጣውን አንድ ምክንያትም ከእነሱ ጋር ይምረጥ፤ የሚቀጥለው ወር የሳምንት ግብ ያንን ምክንያት የሚያስወግድ ተግባር ይሁን።